በር ላይ ያደረው ከስክስ

ጽጌሬዳ አልጋው ሥር በእጇ ትዳብሳለች። የለም። ቁም ሳጥኑን ከፈተች፤ እዚያም የለም። ደርግ ከወደቀ ሳምንቱ ነው። ታጋዮቹ ያረፈችበትን ሆቴል ከምግብ አዳራሹ ጀምረው ክፍል ለክፍል እየፈተሹ ነው። የሚፈልጉት የተደበቀ መኮንን ነው፤ የተያዘው ወዴት እንደሚወሰድ ደግሞ የሚያውቅ የለም። የባሏ የመቶ አለቃ ጌታሁን የወታደር ከስክስ ግን የገባበት ጠፍቷል።

ጌታሁን ትናንት አመሻሽ ላይ ነው ከማጂ በእግሩ ሚዛን የደረሰው። ጋቢ ተከናንቦ በጓሮ በር ገባ። ዩኒፎርሙን ጫካ ጥሎታል፤ ከስክሱን እሾሁን ፈርቶ አላወለቀውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጠብቀው የነበረችው ጽጌሬዳ ስታየው እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ድንገት ትዝ አላትና ክው አለች። ለካ ራሷ ናት ያወጣችው!

ሆቴሉ ከጃንሆይ ዘመን የቆየ ወግ አለው። እንግዳ ሲተኛ ጫማውን በር ላይ ያስቀምጣል፤ የሆቴሉ የድሮ ሠራተኛ ጋሽ ወልደጻድቅ ወስደው፣ መስታወት አስመስለው፣ በማለዳ ይመልሱታል። ጫጉላቸውን እዚሁ ሲያሳልፉም እንዲያው ነበር። ማታ ደስታው አናቷ ላይ ወጥቶ ጦርነቱን አስረሳት፤ ከስክሱንም እንደ ሙሽራ ጫማ በር ላይ አሰናድታ ተኛች። ምን ዓይነት ጅልነት ነው!

በሩን ገርበብ አድርጋ አየች። ጋሽ ወልደጻድቅ የሚያብረቀርቀውን ከስክስ አንጠልጥለው ደረጃውን ወጥተው ጨርሰዋል። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ታጋይ ከኋላ ደረሰባቸው።

«አባባ፣ የማን ነው?»

ሽማግሌው ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከዓይኗ ገጠመ።

«የኔ» አሉ።

«እስቲ ያድርጉት።»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አጠለቁት። ሲራመዱ ተረከዛቸው ከውስጥ ብድግ ብድግ አለ።

«ሰፋዎት እኮ!»

«ድሮ ልኬ ነበር። እርጅና እግርም ያከሳል ልጄ።»

ታጋዩ አልሳቀም። «ወታደር ነበሩ ማለት ነው?»

ጋሽ ወልደጻድቅ ወገባቸውን አቀኑ። «ነበርኩ።»

«እንግዲያው ይቅደሙ። ታች መኪና አለ።»

ጽጌሬዳ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ቆለፈችው። ዞር ስትል ጌታሁን በባዶ እግሩ ከኋላዋ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

«ቁልፉን አምጪ» አላት በሹክሹክታ። «ሽማግሌው በኔ ፋንታ አይሄዱም።»

ቁልፉን ጨብጣ ያዘችው። አፈረች፤ እጇ ግን አልፈታ አላት። ጌታሁንም መዳፉን ዘርግቶ ጠበቀ። ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ይሰሙት ነበር። አላደረገም።

ከስክሱ የእንጨቱን ደረጃ ኳ፣ ኳ እያደረገ ወረደ። ታች «ተገኝቷል፣ እንሂድ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ግቢው ውስጥ ሞተር ተነሣ። ድምፁ ወደ ቴፒ መንገድ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ያኔ ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረችለት። ጌታሁን እሱን ይዞ ቆሞ ቀረ።