ጎተራው ወይስ መንገዱ

ከአውስትራሊያዋ ትሩጋኒና በመኪና ግማሽ ሰዓት ነድተው የሚደርሱባት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች። የከተማዋ ካውንስል እጅ ላይ አንድ በጀት አለ። ወይ ከከተማ ውጪ እርሻ መሃል እየፈረሰ ያለውን የመቶ ሃምሳ ዓመት የድንጋይ ጎተራ ያድሳል፣ ወይ ገበያው የሞተበትን ዋና መንገድ አድሶ ነፍስ ይዘራበታል። ሁለቱንም አይችልም።

ወርቅውሃ መንገዱ ላይ ቺፕስ በሚጥሚጣ ትሸጣለች። ሱቁን ያከራያት ካውንስሉ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ የቆመ። ግራና ቀኙ ያሉት ሱቆች ተዘግተዋል። መንገዱ ካልታደሰ የእሷም ሱቅ እስከ ገና አይደርስም፤ አሥራ አንድ ዓመት የለፋችበት እንጀራዋ ነው።

ስለዚህ የካውንስሉን ፖስተር መስኮቷ ላይ ለጥፋለች። ዛፍ አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ከባቡር የወረደች ሴት ጣቢያው በር ላይ ቆማ ሰማያዊውን ባሕር ታያለች። "አቤት ሲያምር!" ትላለች ወርቅውሃ ለገባው ሁሉ፣ ቺፕሱ እያረረባት።

በድምፅ የሚወስነው የነዋሪዎቹ ኮሚቴ አምስት ሰው ነው። ሁለቱ ለመንገዱ፣ ሁለቱ ለጎተራው ናቸው። አምስተኛው ጡረታ የወጣው የባቡር ሠራተኛ ጋሼ አምደሚካኤል ነው። ኮሚቴው ውስጥ የታየ ነገር ውጪ አይወራም ተብሎ ፈርሟል፤ እሱ ደግሞ የፈረመውን የሚያከብር ዓይነት ሰው ነው። አውስትራሊያ አንዳንዱን እንዲህ ታበላሸዋለች።

እሱ ድምፄን ለጎተራው እሰጣለሁ አለ።

"ለጎተራ! እዚያ ውስጥ ከርግብ በቀር ማን አለ?" አለች ወርቅውሃ። "የገዛ ወገኑን ትቶ!"

ወሬው ለመድረስ ባቡር አልጠበቀም። ጎተራው በስሙ ሊጠራ ነው ተባለ። ባሏ የሞተባት የቅርስ ማኅበር ሊቀመንበር ኬክ ትጋግርለታለች ተባለ። ኬኩን ያየ የለም፤ የካሮት ኬክ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል።

ሰኞ ዕለት ይባስ ብሎ ሱቋ ድረስ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ወርቄ፣ ዌስት ፉትስክሬይ ሰፈር የሚከራይ ሱቅ አይቻለሁ" አላት።

"ጭራሽ ከከተማው ሊያስወጡኝ! ይውጡልኝ ከዚህ!"

በዚያው ስልኩን ብሎክ አደረገችው። እስከ ረቡዕ የከተማዋ ሐበሻ በሙሉ ብሎክ አደረገው። ሐበሻው ከነልጆቹ ሠላሳ ቢሆን ነው።

ቅዳሜ ሽማግሌ ተላከበት። ኦርቶዶክሱ ጋሼ ፋንታሁንና ጴንጤው ፓስተር ታዴዎስ በአንድ ቶዮታ ሄዱ። ወንጌል አንድ መኪና ውስጥ ያላስገባቸውን ካውንስል አስገባቸው።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ አምደሚካኤል።

"እሺ ካላልከን አንቀመጥም" አለ ፋንታሁን።

"ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልን..."

"ሽማግሌ ፊት ምክንያት አይደረደርም!"

"ፈርሜ ነበር፣ ግን ለእናንተ ልንገራችሁ። ወርቅውሃ..."

"እሷን አታንሳት! ይቅር ለእግዚአብሔር በል፣ በቃ።"

ፓስተሩ ጉልበቱን ያመዋል። "ጋሼ፣ በጌታ፣ ቶሎ እሺ ይበሉን" አለ ግድግዳውን ተደግፎ።

አምደሚካኤል አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። በዕድሜው ሽማግሌ መልሶ አያውቅም፤ አባቱም መልሶ አያውቅም።

"እናንተ ካላችሁ... እሺ" አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ነገሩን ዳግመኛ ላያነሳ አስማሉት፣ ሻይ ጠጡ፣ ወጡ። "አየኸው ሲጸጸት?" አለ ፋንታሁን መኪናው ውስጥ። ፓስተሩም አሜን አለ።

ማክሰኞ መንገዱ ሦስት ለሁለት አሸነፈ። ወርቅውሃ እልል አለች፤ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ቺፕስ በነፃ አደለች። ቂም አልያዝኩም ስትል ለአምደሚካኤልም ቤቱ ድረስ ላከችለት። አልበላልህ አለኝ ብሎ መለሰው።

"ኬክ ለምዶ!" ተባለ።

ሐሙስ ጠዋት ከካውንስሉ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ልጅ መጣች። ወርቅውሃን እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት፣ ከዚያ የሱቁ በር ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ኤክስ አደረገች።

"ምን ሆነሻል? በሬን ለምን ታበላሺብኛለሽ?" ጮኸች ወርቅውሃ።

ልጅቷ ግራ ገባት። "ይሄ ካልፈረሰ" አለች፣ "ባሕሩ ከጣቢያው እንዴት ይታያል?"