ወንፊቱ ላይ የቀረው

ከጆንያው የዘገንኩትን አረንጓዴ ዱቄት ስነፋ ወንፊቱ ላይ የሰው ጥርስ ቀረ።

የከተማውን ጭስ የሚመጥ ይህን የድንጋይ ዱቄት በየወሩ ግቢ ውስጥ መበተን ለሁሉም ቤት ግዴታ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው። ጭሱን ጠግቦ ሲነጣ ጠርገን እናስረክባለን። አንሶላ ውስጥ ይገባል፣ ወጥ ውስጥ ይገባል፣ ስናኝክ ይንቀጫቀጫል። እሱንስ ለምጄው ነበር።

ድንጋዩን ያገኘሁት እኔው ነኝ። አባቴ የተቀበረ ቀን ቆፋሪዎቹ ከጉድጓዱ ያወጡት ድንጋይ ፀሐይም ዝናብም ያልነካው፣ እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ነበር። ከምድር ሆድ ተገፍቶ የወጣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ድንጋይ ለእኛ ለጂኦሎጂስቶች ብርቅ ነው። ሰው ሲያለቅስ እኔ ስባሪውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ። ሪፖርቴ ላይ ቦታውን «ኮረብታ» አልኩት። መቃብር መሆኑን አልጻፍኩም። አሁን ኮረብታው እንዳለ እየተፈጨ ነው።

የሰፈሩ ተቆጣጣሪ ሀዊ ስትመጣ ጥርሱን አሳየኋት።

«ውይ ዶክተር፣ እርስዎም ጋ ወጣ?» አለች፣ ምንም ሳይመስላት። «እኛ ቤት ሁለት ወጥቷል። አጥበው ቀበሌ ያለው ሳጥን ውስጥ ይክተቱት። ጆንያው ጀርባ ላይ ተጽፏል እኮ።»

ጆንያውን ገለበጥኩት። እውነትም ተጽፏል። ከጽሑፉ በታች የድንጋዩ አግኚ ፎቶ አለ። ያንኑ ነጠላ ለብሼ፣ ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ እስቃለሁ።