ጠጠር የሚቀመጥበት መስመር

የቋንቋ ክፍል ኃላፊዋ የፈተና ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻቸው።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት!» አለች። «እንዴት ነው አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ አንድ ዓይነት ስህተት የሚሳሳተው?»

ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ያው እርስዎም የሚያውቁት ነው። አስተማሪያቸው ነግሯቸዋል።»

አስተማሪያቸው ባሏ ነው።

ባሏ የሚያስተምረው ማንበብ የከበዳቸውን ልጆች ነው። ፊደል ይለያሉ፤ ቃሉንም እየተንገዳገዱ ይወጡታል። ገጹ ሲያልቅ ግን ምን እንዳነበቡ አያውቁም። የቀሩት መምህራን «ቀርፋፎቹ» ይሏቸዋል። እሱ ከግቢው ጠጠር አስለቀማቸውና እንዲህ አላቸው፦ «ስታነቡ አትሩጡ። ሰውየው ያልጠበቃችሁትን ነገር ሲያደርግ እዚያው ቁሙ፣ መስመሩ ላይ ጠጠር አስቀምጡ። ሲያልቅ ጠጠሮቹን እዩና ምን አገናኛቸው በሉ።»

ፈተና ላይም ጠጠራቸውን በኪሳቸው ይዘው ገቡ። ርዕሰ መምህሩ መጠርጠር የጀመረው ያኔ ነው።

ምንባቡን የጻፈው ባሏ መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ጻፍልኝ ብላ የለመነችው ራሷ ናት። ጥያቄውንና መልሱን ያወጣችውም እሷ ናት።

ምንባቡ አጭር ነው። አንድ አትክልተኛ ሁልጊዜ ከመዳፉ የሚያበላት አንዲት ርግብ ነበረችው። አንድ ቀን መዳፉን ዘጋባት። እህሉን አፈር ላይ እየበተነ ራሷ ጭራ እንድትበላ ተዋት። ርግቧ ተቆጥታ በክንፏ መታችው፤ እሱ ሳቀ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ቦት ጫማውን ለጎረቤቱ ሰጠና በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስትጭር ያያት ጀመር።

«አትክልተኛው መዳፉን ለምን ዘጋ?» ይላል ጥያቄው። «ስለሰለቸችው» ይላል የኃላፊዋ መልስ። የጎበዞቹም ክፍል እንዲሁ ብሎ ጽፏል። ቀርፋፎቹ ግን አንድም ሳይቀሩ ምንባቡ ውስጥ የትም ያልተጻፈ ነገር ጻፉ።

«ካልተነገራቸው ከየት አመጡት?» አለ ርዕሰ መምህሩ። «እስከ ከሰዓት ይወስኑ። መልሱ ተነግሯቸዋል ብለው ከፈረሙ ክፍሉ ይዘጋል፣ ልጆቹም ዓመቱን ይደግማሉ። ካልፈረሙ ደግሞ ለባሏ አደላች ይባላል።»

ባሏን ደረጃው መሃል አገኘችው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። ሰሞኑን ደረጃ በወጣ ቁጥር ማስታወቂያ ማንበብ አብዝቷል።

«ነግረሃቸዋል?»

«ምኑን?»

«አታሹፍ! መልሱን ነዋ!»

«መልሱን ያወጣሽው አንቺ። እኔ አላየሁትም፣ የኔ እመቤት።»

«እመቤት አትበለኝ!»

ንዴቷ የፈተናው ብቻ አልነበረም። ባሏ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ማንሳት ከተወ ሰነባብቷል። አምፖል ሲቃጠል እሷን ወንበር ላይ አቁሞ፣ እሱ ከታች ተቀምጦ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ይላል። የውሃውን መዝጊያ፣ የጋዙን ሲሊንደር፣ እምቢ የሚለውን የበር ቁልፍ ሁሉ ለእሷ ጥሎላታል። ትናንት «እጅህ ተሰብሯል እንዴ?» ብላ ጮኸችበት። «እጄማ ደህና ነው፤ ያንቺ ይልመድ ብዬ ነው» አላት። የያዘችውን ፒንሳ ወረወረችበትና ሳተችው። «ኢላማም መለማመድ ሊኖርብሽ ነው» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

ሰልችቼዋለሁ ብላ ደምድማለች።

«ሰማዩ ጠቁሯል። ካፖርትህስ?» አለችው በንዴቷ መሃል፣ ከልማድ።

«ይሞቃል።»

«እንኳን ካፖርት፣ ሚስት እንዳለህም ረስተሃል!»

ጥላው ወረደች። ከቀርፋፎቹ ክፍል አንዷን አስጠራች። ድምጿ ከከንፈሯ ስለማያልፍ ልጆቹ «ሹክሹክታ» የሚሏት ልጅ ናት። ቢሮ ውስጥ ምንባቡንና የልጅቷን መልስ ፊቷ ዘርግታ በሩን ዘጋች።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ማንም፣ ቲቸር።»

«እንዳትዋሺኝ! ጠጠሩ ምን ምልክት ነው? የት ሲቀመጥ ነው ምን የሚጻፈው?»

«ምልክት አይደለም። የምንቆምበት ነው።»

«እሺ ቁሚ! ይሄ መልስ የት ቦታ ነው ያለው? አሳዪኝ!»

ልጅቷ ከኪሷ ጠጠር አወጣች። አንዱን «መዳፉን ዘጋባት» የሚለው ላይ አኖረች። «ሁልጊዜ ከእጁ ነው የሚያበላት። ይወዳታል ማለት ነው። እዚህ ጋ ቆምኩ።»

«ቀጥዪ።»

ሌላውን «ሳቀ» ላይ አኖረች። «መታችው እኮ። የሰለቸው ሰው ይቆጣል እንጂ ይስቃል እንዴ፣ ቲቸር?»

ኃላፊዋ ቀዩን እስክሪብቶዋን አነሳች።

ሦስተኛው ጠጠር ቦት ጫማው ላይ አረፈ። «ክረምት ሊገባ ሲል ማን ጫማውን ይሰጣል? ከዚያ ሦስቱን አገናኘኋቸው።»

«አገናኝተሽስ?»

«ክረምቱን እንደማያየው ያውቃል። እሱ ሲሄድ እንዳትራብ ነው የሚያስለምዳት። ‹ሊሞት ስለሆነ› ብዬ ጻፍኩ።» ልጅቷ ቀና አለች። «ስህተት ነው እንዴ፣ ቲቸር?»

ቀዩ እስክሪብቶ ኃላፊዋ እጅ ላይ ቀረ። ውጭ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር።

በመስኮቱ ስር የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የባሏን የዝናብ ካፖርት ለብሶ አለፈ።