የፊት መስታወት

ወንድሜ ከመሞቱ በፊት የጀመራትን የፕላስቲክ ሞዴል መኪና ልጨርሳት ተነሳሁ። ጣሪያዋን ቆርጦ ዝቅ አድርጓታል፣ ደማቅ ቀይ ቀብቷታል፤ የቀራት መስታወት ብቻ ነው።

"የሱን ጅምር ምን ያደርግልሻል? ጣያት" አለች እማዬ።

"እኔ ቆሜ እያለሁ አትጣልም።"

የፊት መስታወቷን በሱፐር ግሉ ለጠፍኩ። ጠዋት ከውስጥ ጉም ለብሶ አገኘሁት። የጀማሪ ስህተት ነው፤ የሱፐር ግሉ ትነት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ያደበዝዛል። ወንድሜ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። ነቀልኩና ከዕቃዋ ጋር የመጣውን ትርፍ መስታወት በነጭ ሙጫ ለጠፍኩ፤ ነጭ ሙጫ አያደበዝዝም።

በነጋታው ያው ጉም።

"አልነገርኩሽም?" አለች እማዬ በሩ ላይ ቆማ።

"እልኸኝነቴ ካንቺ ነው የመጣው" አልኳት። መስታወቱን ነቅዬ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ያለ ምንም ሙጫ በፕላስተር ብቻ ያዝኩት። በማግስቱ ቁርስ ሳንበላ ክንዷን ይዤ ወደ ጠረጴዛው ጎተትኳት። "ነይ እዪ፤ ዛሬ ምን ሊያደበዝዘው እንደሚችል ንገሪኝ።"

ጎንበስ ብለን አየን። ጉሙ አለ።

እማዬ አፏን ልትከፍት ስትል፣ ከመሪው ፊት ለፊት፣ ከውስጥ በኩል፣ ጉሙ በትንሽ መዳፍ እንደሚጠረግ ቀስ ብሎ ተጠረገ።