ቀዩ ምልክትና ነጩ ክር

ይርዳው ሦስተኛውን ቋጠሮ በምራቁ አርጥቦ ጠበቅ ሊያደርገው ሲል ክሩ ከጣቱ ሾልኮ ጠፋበት። ጠፋ ማለት እንኳ አይደለም፤ እዚያው ጭኑ ላይ ነው ያለው። እሱ ግን በመዳፉ ዳብሶ ነው ያገኘው።

«አይ አንቺ ዓይን!» አለ ለራሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከዘንጉ ጫፍ ወፍራሙን የናይለን ክር አስሯል። ቀጥሎ ቀጠን ያለውን፣ ከዚያ ለምልክት ቀይ የሱፍ ክር፣ ከሁሉም በታች ፀጉር የምታህለውን። ጫፏ ላይ ጥቁር የበግ ፀጉር የተጠመጠመባት መንጠቆ አለች፤ ከድንጋይ ሥር የምትኖረውን የውሃ ትል ትመስላለች። መንጠቆዋ ትሰምጣለች፣ ቀዩ ምልክት ከውሃው በላይ ይቀራል። ዓሣ ሲነካ ምልክቱ ድንገት ቆም ይላል፤ ያኔ መሳብ ነው። ይርዳው ልጆቹን ያሳደገው ወደ ተከዜ በሚወርደው በዚህ ወንዝ ዳር፣ በዚህ ዘዴ ነው።

አሁን ግን ቀዩ ከውሃው ጋር አንድ ሆኖበታል። ዓሣው ነክሶ ይሄዳል፣ እሱ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። ለሚስቱ ለደጅይጥኑ «ዓሣው ወንዙን ለቆ ሄደ» ይላታል። ዛሬ ጠዋት መረራት።

«ዛሬም ባዶ እጅህን ከመጣህ ያንን ዘንግ የዶሮ ቆጥ ነው የማደርገው! ሰቆጣ ልጃችን ጋ እንገባለን። ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠህ አላፊ አግዳሚ ስታይ ትውላለህ።»

ደጅይጥኑ ያለችውን ታደርጋለች። ይርዳው ከወንዙ ተነጥሎ በረንዳ ላይ መቀመጡን ሲያስበው ዘንጉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። መንጠቆዋን ወረወረና ውሃው ላይ አፈጠጠ።

«እንደምን ዋልህ ይርዳው!»

የንስሐ አባቱ አባ ወርቅአገኘሁ ናቸው። ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ወንዙን ተሻገሩ፤ መስቀል አሳለሙትና አጠገቡ ቋጥኝ ላይ አረፍ አሉ።

«እኔ እምልህ፣ ወፍራም ክር እያለህ ከዓሣው በኩል ይህችን የሸረሪት ድር የምታስረው ለምንድን ነው?»

«ውሃው ጠርቷል አባ፤ ወፍራሙን ዓሣው ያየዋል። ደግሞም ድንጋይ ሲይዘው ቀጭኗ ብቻ እንድትበጠስ ነው። አለዚያ ሁሉንም ይዞት ይሄዳል።»

«አሃ፣ ለካ ነገር አለው… ኧረ ሳብ! ሳብ እንጂ አንተ ሰው!»

ይርዳው ሳበ። ባዶ።

«ቆሞ ነበር እኮ! ዓይንህ ሥር! ምን ነካህ?»

ይርዳው ሊዋሽ አሰበ። ለሚስት የዋሸ ሰው ለንስሐ አባቱ ሲጨምር ግን የት ሊደርስ ነው?

«ቀዩ አይታየኝም አባ። ከክረምት ወዲህ ሁሉ ነገር ጭጋግ ነው። ደጅይጥኑ ከሰማች ዘንጌን የዶሮ ቆጥ አድርጋ እኔን ጠቅልላ ሰቆጣ ነው የምታስገባኝ።»

አባ ወርቅአገኘሁ ትክ ብለው አዩት። «ታዲያ ምንድን ነው የሚታይህ?»

«ነጣ ያለ ነገር። አሁንም ከማዶ ጥምጣምዎ ብቻ ነው የታየኝ።» እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። «ይህች ማተቤ ቢጫ ናት፤ ምናልባት እሷን…»

«እጅህን አንሳ! ለዓሣ ብለህ ማተብ ልትበጥስ? ወይ ጉድ! ምን ዓይነት የንስሐ ልጅ ነው የሰጠኝ!»

ወዲያው የጥምጣማቸውን ጫፍ ፈትተው ከዘርፉ አንድ ክር በጥርሳቸው መዘዙ።

«እንዴ አባ! ጥምጣም?»

«ጨርቁን የገዛሁት ከገበያ ነው፤ ቅስናው ከእኔ ጋ ነው። እንካ።» ለሠርክ ጸሎት የያዙትን ጧፍ ከኪሳቸው አወጡ። «ክሩን በሰሙ እሸው፣ ውሃ እንዳይጠጣ። ለዓይንህ ደግሞ ሰቆጣ ሐኪም አለ፤ ወጥተህ ትታያለህ። ታይተህ ትመለሳለህ አልኩ እንጂ ትኖራለህ አላልኩም።»

ይርዳው ቀዩን ፈትቶ ነጩን አስገባ። አባ ሊያግዙት እጃቸውን ሲዘረጉ «ይተዉት፣ ይህን ጣቴ ያውቀዋል» አላቸው።

ጥላ ወዳረፈበት ጥልቅ ውሃ ወረወረ። ነጩ ክር ከጥቁሩ ውሃ በላይ ቁልጭ አለ፤ ወንዙን ተከትሎ ቀስ እያለ ወረደ። አባ እንዳይጮኹ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ።

ክሩ ቆመ።

ይርዳው ሳበ። ዘንጉ ጎበጠ፤ ታች አንድ ከባድ ነገር ራሱን ነቀነቀ። ሆዱ ወርቅማ የሆነ ዓሣ አንዴ ብልጭ ብሎ ታየና ወደ ድንጋዩ ሥር ጠለቀ። ጧ! ዘንጉ ቀና አለ።

«ካያያዝ ይቀደዳል!» አባ ጭናቸውን መቱ። «አይ ይርዳው፣ ሄደብህ! ዶሮዎቹ ቆጥ አገኙ!»

ይርዳው ክሩን ሰበሰበ። የሄደችው ቀጭኗ ብቻ ናት፤ ነጩ ምልክት እንዳለ ተመልሷል። አባ ሊያጽናኑት ፊቱን ቢያዩት ይስቃል፤ ጉንጩ ግን ርሷል።

«ምኑ ነው የሚያስቅህ?»

«ሲቆም አየሁት እኮ አባ! እርስዎ ሳይነግሩኝ አየሁት!»

ፀሐይዋ ገና ከኮረብታው አልደረሰችም። ይርዳው ከቀጭኑ ጥቅል አንድ ክንድ ለክቶ ቆረጠ፤ ጫፉን በምራቁ አርጥቦ መቋጠር ጀመረ። ለመሄድ ተነሥተው የነበሩት አባ ወርቅአገኘሁ ጫማቸውን እንዳንጠለጠሉ፣ የተፈታው ጥምጣማቸው ትከሻቸው ላይ እንደወደቀ፣ ተመልሰው ቋጥኙ ላይ ተቀመጡ።