የፔታዌዮች ቦታ

ታነር ሂል ከፈረሰ ስልሳ ዓመት አለፈው። ጥቁር አሜሪካውያን ቤት ሠርተው፣ ወልደው ከብደው የኖሩበትን ሰፈር የከተማው አስተዳደር በዶዘር ድምጥማጡን አጥፍቶ አውራ ጎዳና ዘረጋበት። አሁን ጎዳናው አርጅቶ ሲነሳ፣ አስተዳደሩ መሬቱን ለድሮ ባለቤቶቹ እመልሳለሁ አለ። ጉድ እኮ ነው! ማን የት ይኖር እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ግን የለም። ስለዚህ የሰፈሩ ሽማግሌዎች የመሰከሩለት ያገኛል፣ ያልመሰከሩለት ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ይሰበሰባሉ። የተጠበሰ አሳ አለ፣ ሳቅ አለ፣ ለቅሶም አይጠፋም። ሁሉም የሚያዳምጠው ግን ሉሽየስ ጋንትን ነው።

ጋንት ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። የየቤቱን ቁጥር፣ ደረጃው የት ጋ እንደተሰነጠቀ፣ የቱ ጣራ እንደሚያፈስ ሳይቀር ያውቃል። አብሮት ያደገ ሰው በሕይወት ባይገኝም፣ ቦታው ከማንም ቀድሞ ጸደቀለት።

"ይሄ ሰው ሰፈሩን እንዴት ቢወደው ነው!" ይላሉ።

በዚህ ቅዳሜ ቨርሊን ፔታዌይ ከሩቅ ከተማ በአውቶቡስ መጣች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ታማለች፤ ሐኪሞቹም አልደበቋትም። አባቷ በገዛ እጁ ጡብ የደረደረበትን ቦታ ለልጅ ልጆቿ ሳታስረክብ መሞት አልፈለገችም።

"ጎረቤቶቻችሁ እነማን ነበሩ?" አለች ሰብሳቢዋ ኦፊሊያ ክራምፕ፣ ባለ ትልቅ ባርኔጣዋ።

"ሁሉም ሞተዋል፣ እህቴ።"

"እንግዲያው ወንድም ጋንት ይጠይቅሽ።"

ጋንት ጉሮሮውን ጠረገ። "የቤታችሁ ቁጥር ስንት ነበር?"

"እኔንጃ። የፔታዌዮች ቤት ነበር የሚባለው።"

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ።

"ከፊት ለፊት ስንት ደረጃ ነበረው?"

"አላስታውስም።"

"የፊት በሩስ ምን ቀለም ነበር?"

ቨርሊን ቦርሳዋን ጭብጥ አደረገች። "ልጅ ነበርኩ እኮ…"

"ልጅ በር አያይም እንዴ?" አለ አሳ የሚያኝክ አንድ ሽማግሌ። "መሬት ይሰጣል ከተባለ ወዲህ የታነር ሂል ልጅ ያልሆነ ጠፋ!"

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ቨርሊን እንባዋ መጣ፤ አፈረች።

ጋንት ግን አልሳቀም። "አረንጓዴ ነበር" አለ በለሰለሰ ድምፅ። "መቃኑ በምስጥ ተበልቷል። ገባ ሲሉ በስተግራ ያለው ግድግዳ እርጥበት ይዞት ልስኑ ረግፏል። የፔታዌይን ቤት ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ። እኚህ ሴትዮ ግን አያውቁትም። አዝናለሁ፣ አልመሰክርም።"

"በቃ፣ የሚቀጥለው ይግባ" አለች ኦፊሊያ።

ቨርሊን ብድግ አለች። ሁለት እርምጃ ያህል ሄዳ ቆመች።

"እህት ኦፊሊያ፣ የእናንተስ የፊት በር ምን ቀለም ነበር?"

ኦፊሊያ ባርኔጣዋን ቀና አደረገች።

"ኧረ እኔ ምኑን አውቄው!" አለች። "ማን በሱ ይገባ ነበር? ሁላችንም በጓሮ ዞረን፣ በማድቤት በኩል አይደል እንዴ የምንገባው!"

"የኛስ ቤት ቢሆን" አለ ሽማግሌው። ማኘኩን ተወ።

"የፊቱ በር የሚከፈተው ለሁለት ነገር ብቻ ነበር" አለች ቨርሊን። "ሬሳ ሲወጣ፣ እና የቤቱን ጉድለት እየመዘገበ 'ይህ ቤት ይፍረስ' ብሎ የሚጽፈው የከተማው ሰው ሲመጣ። ነጭ ቢልኩ ማንም እንደማይከፍትለት ስለሚያውቁ፣ የኛኑ ጥቁር ጎረምሳ ላኩብን።"

ቨርሊን ወደ ጋንት ዞረች።

"እናቴ ናት የከፈተችልህ" አለችው። "ውሃም ሰጥታህ ነበር።"