ለቺፗ የተደረገ ጸሎት

የቺፗ ማሞቂያ ሽቦ ልክ ፈተናው ሊጀመር ሲል ተቃጠለች። የሶዶ የጠዋት ብርድ ገና ባይለቅም ተማሪዋን ሰገነትን አላባት። ከጥፍር የማትበልጠው ቺፕ ስትሞቅ በውስጧ የሚያልፈው ብርሃን ይበልጥ እንደሚዘገይ ለፈታኙ ካላሳየች፣ የሦስት ዓመት ልፋቷን ውሃ ሊበላው ነው። ፈታኙ ሰዓቱን አየና እስክሪብቶውን ከፈተ።

የላብራቶሪው ቴክኒሻን ጋሽ ሶርሳ ግን በቸርቻቸው ለታመመ ሰው እንደሚያደርጉት ሙቅ መዳፋቸውን ቺፗ ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ። ሰገነት በሀፍረት ፊቷን ወደ ስክሪኑ አዞረች። ብርሃኑ የሚደርስበትን ጊዜ የምታሳየው ጉብታ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ፣ ወደ መዘግየቱ ተንሸራተተች። ፈታኙ ወንበሩን ስቦ ተጠጋ።

«በኢየሱስ ስም...» አሉ ጋሽ ሶርሳ፣ እጃቸውን ሊያነሱ።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች ሰገነት። «አሜን እንዳይሉ!»